ፕላኑ ከመነደፉ በፊት የቦታው ስም ይጠየቅ

አዲስ አበባ በምሥራቅና በደቡብ ዳርቻዋ በየጥቂት ዓመቱ አንድ አዲስ ሰፈር በጨመረች ቁጥር፣ ሰፈሩ ከመቆሙ አስቀድሞ ብዙ ነገር በመልክ በመልኩ ሲሰናዳ እናያለን፤ ቀያሾች ችካላቸውን ይተክላሉ፤ መሐንዲሶች የመንገዱን ስፋትና የሕንፃውን ከፍታ ይወስናሉ፤ የካሣ ሹማምንት የገበሬውን ማሳ ለክተው በመዝገብ ያሰፍራሉ፤ የውሃ፣ የመብራትና የፍሳሽ መሥመሮችም፣ መሬት ላይ የሚወርዱት ዘግይተው ቢሆንም፣ በወረቀት ላይ በጊዜ ይሠመራሉ። ከዚህ ሁሉ ሥራ መካከል ኀላፊ የሌለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሥፍራው ስም ነው። ስሙን ወይ የጨረታው ሰነድ በቁጥር ይሰጠዋል፣ ወይ የሥራ ተቋራጩ ታፔላ ያወርሰዋል፣ ወይም የሚኒባስ ረዳቱ በጥድፊያ ላይ አፉ እንዳመጣለት ይጠራውና በዚያው ይጸናል።

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የተገለበጠ ነው። የአንድን መሬት ስም ከነዋሪው አፍ ጠይቆ ሥራውን የሚጀምር ፕላን ነዳፊ፣ ዐውቆትም ይሁን ሳያውቀው፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ አፈሩ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው፣ መቃብሩና ደብሩ፣ የጥንቱ መንገድና የከብቱ መዋያ የት እንደ ነበረ አብሮ ይጠይቃል፤ ስሙን ሳይጠይቅ የጀመረ ግን እነዚህን ሁሉ ሳይጠይቅ ነው የጀመረው፤ በኋላም ጐርፉና የግድግዳው ስንጥቅ እየነገሩት አንድ በአንድ ይማራቸዋል።

ስለ ከተማ መቈርቈርና ስለ ስም አወጣጥ የቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርት ከምንገምተው ይልቅ የሰፋ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ከተማ ሠሪ ሆኖ የተጻፈው ወንድሙን የገደለው ቃየል ሲሆን፣ እርሱም የሠራትን ከተማ በልጁ በሔኖክ ስም ጠራት፤ የገዛ ዘርን ስም በመሬት ላይ መጻፍ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የከተማ ቈርቋሪዎች ሁሉ ፈተና ሆኖ ኖሯል። ያዕቆብ ደግሞ ድንጋይ ተንተርሶ ካደረበትና መሰላሉን በሕልም ካየበት ሥፍራ ሲነሣ ቦታውን ቤቴል አለው፤ ይሁን እንጂ ጸሐፊው በዚያው ቃል ላይ የከተማይቱ ስም አስቀድሞ ሎዛ እንደ ነበረ ሳይነግረን አያልፍም። ስንት ዘመን ያለፈበትን፣ በራእይና በኪዳን የተሻረውን ስም ለምን መመዝገብ አስፈለገው ቢባል፣ መቼም ለወረቀቱ ማሟያ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የይስሐቅ ነገር ይደንቀኛል። አባቱ አብርሃም ያስቈፈራቸውን የውሃ ጕድጓዶች ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፍነዋቸው ነበርና ይስሐቅ ዳግመኛ ቈፈራቸው፤ ከቈፈራቸውም በኋላ አባቱ ባወጣላቸው በዚያው ስም ጠራቸው። ቀጥሎ የእርሱ ሎሌዎች በሸለቆው ውስጥ አዲስ ጕድጓድ ሲያወጡና የጌራራ እረኞች ውሃው የእኛ ነው ብለው ሲጣሏቸው፣ አንደኛውን ስለ ጥሉ ዔሴቅ፣ ሁለተኛውን ስጥና ብሎ ሰየመው፤ ሦስተኛው ላይ ጠበኛ ስላልመጣበትና ቦታ ስለ ሰፋለት ርኆቦት አለው። እንግዲህ ያገኘውን በኖረበት ስም ጠራው፣ ራሱ ያወጣውን ግን በላዩ በሆነው ነገር ሰየመው ማለት ነው። ስለ ሰፈር ስም አወጣጥ መመሪያ የሚያረቅ ጽሕፈት ቤት ካለ፣ ከዚህ የተሻለ አንቀጽ ለማግኘት የሚደክም አይመስለኝም።

የእኛይቱ ከተማ ታሪክ በዚህ ሚዛን ቢመዘን እንዴት ይሆናል? እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ በፍል ውሃው አጠገብ የቈረቈሩትን ሥፍራ አዲስ አበባ ብለው ሲሰይሙ፣ ሥፍራው በኦሮሞ ነዋሪዎቹ ዘንድ ፊንፊኔ ሲባል የኖረ ነበር፤ ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ አሉ፤ ሎዛና ቤቴል በአንድ ቍጥር ላይ አብረው እንደ ተጻፉት እነዚህም አብረው ቢጻፉ የሚጎዳ ሰው መኖሩን አላውቅም። ከዚያ በኋላ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነሠራዊታቸውና ከነአሽከራቸው በግቢው ዙሪያ ሲሰፍሩ፣ ራስ ካሣ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ውቤ በረሃ እየተባለ በሹሙ ስም ተጠራ፤ ባለ እጆቹ የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር፣ በሬ የሚሸጥበት ሰንጋ ተራ ሆነ፤ የሚሰይመው ሹም ያጣውን ጥጋጥግ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ፣ ያውም በፌዝና በምሬት፣ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ አለው። ኮሚቴ ተሰብስቦ እሪ በከንቱ የሚል ስም በድምፅ ብልጫ ሊያሳልፍ እንደማይችል የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን በዚያ ሥፍራ ሌሊት ስለሚያልፍ ሰው ፍርሃት ከአንድ የፖሊስ መዝገብ የበለጠ የሚነግረን ይኸው ስም ነው።

ፋሽስት ኢጣልያ ከተማይቱን በያዘ ጊዜ የመጣው ፕላን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ለኮርቡዚዬ የተባለው ስመ ጥር የሕንፃ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 አገራችንን ረግጦ ሳያውቅ፣ ኰረብታውንና ወንዙን ከቍጥር ሳያስገባ፣ ለአዲስ አበባ ቀጥ ያለ ሰፊ ጎዳና የሚሰነጥቃት አዲስ ከተማ በወረቀት ላይ ነድፎ ለኢጣልያ መንግሥት አቀረበ። ያ ንድፍ ሳይሠራ ቀረ፤ ሥራው ለኢጣልያውያኑ ለጉዊዲና ለቫሌ ተሰጠና ነጩ ለብቻው፣ ጥቍሩ ለብቻው የሚኖርበት ፕላን ወጣ፤ የአገሬው ገበያም ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ወደ ዛሬው መርካቶ ተገፋ። የቅኝ ገዥው ዕድሜ ዐምስት ዓመት ብቻ ቢሆንም፣ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራው መሥሪያ ቤት ስም ካዛንችስ፣ የተራው ሰው ቤቶች ስም ፖፖላሬ፣ አደባባዩ ፒያሳ ሆነው ቀሩ። ሕዝቡ ቃሉን በራሱ ጥርስ አኝኮ የራሱ አድርጎታልና ዛሬ ካዛንችስ ሲባል ሙሶሊኒ ትዝ የሚለው ሰው የለም። ይህ ደግሞ የውጭ ስም ሁሉ ይፋቅ ለሚሉት የሚሆን መልስ ነው፤ ስም ከየትም ይምጣ፣ ሰው ከወለደበትና ከቀበረበት በኋላ የሰው ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሆነው ግን የአብርሃምን ጕድጓድ በሌላ ስም እንደ መጥራት ነበር። አዳማ ናዝሬት፣ ብሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አምቦ ሀገረ ሕይወት ተባሉ። ስሞቹ ቅዱሳን ናቸው፤ ሐሳቡም በዘመኑ ሰዎች ዘንድ አገርን መባረክ እንጂ መቀማት ሆኖ አልታየ ይሆናል። ሆኖም ሦስቱም ዛሬ በቀድሞ ስማቸው ይጠራሉ። በተለይ ሀገረ ሕይወት ገና ከጅምሩ ተስፋ አልነበረውም፤ አንድ ሰው ምሳውን በልቶ ሆዱ ሲነፋው አስተናጋጁን ጠርቶ አንድ ሀገረ ሕይወት አምጣልኝ ይላል ብሎ ማሰብ ከባድ ነውና።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ከፍተኛና ቀበሌ እየተባለ በቍጥር ተጠራ። ቍጥር በራሱ ክፉ ነው አልልም፤ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ፣ ሃያ ሁለትና ሰባ ደረጃ ቍጥሮች ሲሆኑ ከማናቸውም የመኳንንት ስም ያልተናነሰ ታሪክ ተሸክመዋል። እነዚያ ግን ሰው በእግሩ እየሄደ፣ በዓይኑ እያየ ያወጣቸው ናቸው፤ የቀበሌው ቍጥር ከጠረጴዛ የወረደ ስለ ነበረ መታወቂያ ላይ ከመጻፍ አላለፈም። በ1995 ዓ.ም. ከተማይቱ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትደራጅ የተመረጡት ስሞች ጉለሌ፣ የካ፣ ቂርቆስ፣ ልደታ፣ አራዳና እነዚህን የመሳሰሉ መሆናቸው፣ ከቍጥሩ ዘመን በኋላ የአስተዳደሩ መዝገብ ራሱ ወደ ሕዝቡ አፍ መመለሱን ያሳያል። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተጨመረው 11ኛውም ለሚ ኩራ ተብሎ በአገሬው ስም ተጠራ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው በለሚ ኩራ ውስጥ ያሉትን ታላላቅ ሰፈሮች ስም ብንመለከት፣ አያት የአንድ ቤት ሠሪ ኩባንያ ስም ነው፤ ሰሚት የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ያለው ሲ.ኤም.ሲ. ደግሞ የአንድ የኢጣልያ ሥራ ተቋራጭ ስም ምኅጻር ነው። ምእመናኑ በዚያ ቤተ ክርስቲያን አንጸው ታቦት ሲያስገቡ ሊቀ መላእክቱ ሲ.ኤም.ሲ. ሚካኤል ተብሎ ለመጠራት በቅቷል። በዚህ እንስቃለን፤ የምንወቅሰው ግን ስሙን የተወውን የከተማ ፕላን እንጂ ምእመናኑን አይደለም፤ በቦታው ላይ ሌላ ስም የነገራቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በገርጂ ለሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ፣ መሬት በመካከል ከተማ እየጠበበና እየተወደደ ሲሄድ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ቂሊንጦና ወደ ኮዬ ፈጬ ወጣ። ለ20/80 እና ለ40/60 ተመዝግቦ ዓመታት የቈጠበው ሕዝብ ዕጣው ሲወጣለት የሄደው ወደ እነዚህ ነው፤ በቅርቡም በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንችስ ከተነሡት ብዙዎቹ እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የዳርቻ መንደሮች ገብተዋል። ፕላን ነዳፊዎቹን ሳላመሰግን ማለፍ የማይገባኝ በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የታላላቆቹን ሥፍራዎች የቀድሞ ስም አልነኩም፤ ቱሉ ዲምቱ ዛሬም ቀዩ ኰረብታ ነው፤ ገላንም የጎሳ ስም እንደ ሆነ አለ። ሁለተኛ፣ በሕንፃዎቹ መካከል እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ መገልገያ ቤት አብረው አስበዋል፤ ይህ የፎቅ ቤት ኑሮ ከእኛ ማዕድና ከእኛ በዓል ጋር እንዴት ሊስማማ እንደሚችል ከልብ የጠየቀ ሰው ሐሳብ ነው፤ በብዙ ቦታ ቤቱ ለሌላ አገልግሎት መዋሉ የሐሳቡን መልካምነት አይቀንሰውም።

ለሰው የተጠየቀው ጥያቄ ለመሬቱ አለመጠየቁ ነው ቅሬታዬ። የሥፍራው አጠቃላይ ስም በደጃፉ ላይ ተጽፎ ከቀረ በኋላ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ፣ ጅረቱም፣ ጕብታውም፣ የዋርካው ጥላም፣ የእያንዳንዱ መንደር ስምም፣ በአንድ ቀን ተፍቆ ሳይትና ፕሮጀክት፣ ብሎክና ወለል ይሆናል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ዘመድ ከአውቶቡስ ወርዶ አንድ መልክ ባላቸው በመቶ በሚቈጠሩ ሕንፃዎች መካከል ቍጥር እያነበበ ሲባክን ያየ ሰው፣ ይህ የቅንጦት ጕዳይ አለመሆኑን ይረዳል። ዕድር በሰፈር ስም የሚጠራ ማኅበር ነው፤ የሰፈር ስም በሌለበት የዕድሩ ስም የብሎኩ ቍጥር ይሆናል፤ ብዙ ነዋሪም ወርኀዊ መዋጮውን ወደ ቀድሞው ሰፈሩ ዕድር እየላከ፣ ጽዋውን እዚያው እየጠጣ፣ በአዲሱ ቦታ እንደ እንግዳ ያድራል።

ከዚህም የከፋው የሚሆነው በመሬቱ ላይ ነው። በእነዚህ የዳርቻ ሥፍራዎች የሚነገሩት የኦሮምኛ ስሞች አብዛኞቹ ውሃንና አፈርን የሚያመለክቱ ናቸው፤ ለገ ያለበት ወንዝ አለ፤ ከተማይቱ የምትጠጣውን ውሃ የሚያቍረው ለገዳዲ ለዚህ ምስክር ነው፤ መልካ ያለበት መሻገሪያ፣ ሆራ ያለበት ከብት የሚወደው ጨው ያዘለ ውሃ፣ ጨፌ ያለበት በክረምት የሚረግረግ መስክ አለ። ጨፌ የተባለውን ቦታ ምድር ቤት ቈፍሮ ፎቅ የሚያቆምበት መሐንዲስ፣ ስሙን ቢጠይቅ ኖሮ የአፈር ምርመራውን ግማሽ ያለ ክፍያ ባገኘ ነበር። የደቡቡና የምሥራቁ ዳርቻ አፈር በብዙው ዋልካ ነው፤ ገበሬው ኮትቻ ይለዋል፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለ ጥንቃቄ የተጣለውን መሠረት፣ የመንገድ ጠርዝና የውሃ ቧንቧ አብሮት ያነሣል፣ አብሮት ይጥላል። ጤፍ ሲዘራበት የኖረው ሽማግሌ የትኛው ማሳ ኮትቻ፣ የትኛው ቀይ አፈር እንደ ሆነ በስም ለይቶ ያውቃል። እርሱን የሚጠይቅ ዐምድ ግን በቅየሳው ቅጽ ላይ የለም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ ለአዲስ አበባ ፕላን ያወጡት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ከተማይቱን በትናንሽ ሰፈሮች ከፍለው፣ በዙሪያዋም ራሳቸውን የቻሉ ልጅ ከተሞች እንዲከቧት ዐስበው ነበር። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን አጥቢያ ስትል የኖረችው ደወሉ የሚሰማበትን፣ አሮጊቷ በእግሯ ቅዳሴ ደርሳ የምትመለስበትን ስፋት ነው። አሥር ሺሕ ቤት በአንድ ስም ሥር ማድረግ ግን ከአጥቢያም፣ ከሰፈርም፣ ከአበርክሮምቢም ልክ ውጭ ነው፤ ሰው ይህን ያህል ስፋት ያለውን ነገር ሰፈሬ ብሎ ሊወደው አይችልም። የስሞቹ ማነስ የፕላኑን ግዝፈት የሚያጋልጥ ነውና፣ ነዳፊው በወረቀቱ ላይ አርባ ስም የሚያስፈልገው ሥፍራ ሲያገኝ አርባ አደባባይ፣ አርባ ጕልት፣ አርባ የልጆች መጫወቻም እንደሚያስፈልገው ያን ጊዜ ይታየዋል።

የስም ነገር የቋንቋና የባለቤትነት ጠብ ያመጣልና ቍጥር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ በዳርቻው መሬት ላይ የደረሰው ክርክር መራራ ነው፤ ገበሬው በአነስተኛ ካሣ ከርስቱ ተነሥቷል፤ ቈጣቢውም ገንዘቡን ከፍሎ ዓመታት ጠብቋል፤ ሁለቱም የተበደሉ ሆነው ይገናኛሉ። ይሁን እንጂ የቍጥሩ ዝምታ ጠቡን አላበረደውም። ይስሐቅ እንኳ ሎሌዎቹ የተጣሉበትን ጕድጓድ በጠቡ ስም ጠርቶት ዐለፈ እንጂ ስም አልባ አላደረገውም። የተነሣው ገበሬ ልጅ ከዓመታት በኋላ በአያቱ ማሳ ላይ በቆመው ጎዳና ሲያልፍ የማሳውን ስም በታፔላ ላይ ቢያነብ፣ ካሣውን አይተካለትም፤ ነገር ግን በዚያ ሥፍራ ከእርሱ በፊት ማንም እንዳልነበረ የሚናገረውን ሐሰት ያስቀርለታል። አዲሱ ነዋሪም በዚያ ስም ምንም አይጐድልበትም።

ስለዚህ አንድ ሥፍራ ለቤት ግንባታ ሲታጭ፣ ከቅየሳው ካርታ ጋር የስም መዝገብ አብሮ እንዲወጣ ሕግ ይሁን፤ የየጅረቱ፣ የየጕብታው፣ የየማሳው፣ የታወቀው ዛፍ ሁሉ ስም በአገሬው ቋንቋ እንደሚጠራው ይጻፍ፤ ታላላቆቹ መንገዶችና መናፈሻዎች ከዚህ መዝገብ ስማቸውን ይውሰዱ። ትናንሾቹ መንገዶችና በሕንፃዎቹ መካከል ያሉት ሜዳዎች ግን ባዶ ይቆዩ፤ ሕፃን በ40 ወይም በ80 ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ የጥምቀት ስሙ እንደሚጠበቅ፣ እነርሱም ነዋሪው ገብቶ፣ ሰርግና ለቅሶ አይቶ፣ የራሱን ነገር እስኪያወጣ ይጠበቁ፤ ከዚያ በሕዝቡ አፍ የጸናው በመዝገብ ይግባ፣ ቢያስቅም ቢያሳፍርም። በሕይወት ያለ ሹም ስም አይሰጣቸው፤ ይህን የምለው ለሹሙ ስለማዝንም ጭምር ነው፤ ሲሻር ታፔላውን የሚያወርዱት ያው የሰቀሉት ሰዎች ናቸውና። ሐይቅ በሌለበት የሐይቅ ዳር፣ ዛፍ በተቈረጠበት የደን መንደር እያሉ በባዕድ ቋንቋ የሚሰይሙ ቤት ሻጮችም በግቢያቸው አጥር ውስጥ እንዳሻቸው ይበሉ፤ የሕዝብ መንገድና የአውቶቡስ ፌርማታ ግን የማስታወቂያቸው ሰሌዳ መሆን የለበትም።

የዚህ ሥራ ወጪ ከባድ ነው የሚል ቢኖር፣ ስሞቹን የሚያውቁትን ሰዎች ፈልጎ ማግኘት እንኳ አያስቸግርም። ለካሣ ክፍያ ሲባል የእያንዳንዱ ባለ ማሳ ስም፣ የመሬቱ ስፋትና የጣት አሻራው በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ በጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ሽማግሌዎቹን ለመጥራት ያንን መዝገብ መክፈትና፣ ማሳው ስንት ካሬ ሜትር ነው ከሚለው ዐምድ አጠገብ ማን ይባላል የሚል ሌላ ዐምድ መጨመር ብቻ ነው፤ ያውም ሰዎቹ ለክፍያው ፊርማ መጥተው በወረፋ ተቀምጠው ሳሉ።